ውርጭ ላይ የተተከለ ዘንባባ

ሚስቴን የቀበርኳት በውሸት ነው። ኋላ ከምትደርሱበት አሁኑኑ እወቁት ብዬ ነው አስቀድሜ መናገሬ። እኔ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ነገር አሳምሬ መጻፍ አይሆንልኝም። የሆነውን ግን አልረሳሁም።

እሷ የቆላ ልጅ ናት። አገሯ ከኮምቦልቻ በታች፣ ወንዙ ዳር ዘንባባ የሚበቅልበት መንደር ነው። እዚያ ሴቱ ሁሉ በዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራል። ለእኔ ስትዳር ሦስት ሰሌን ይዛ መጣች። እነሱ ሲያልቁ እኛ ደጋ ሌላ የምትሠራበት ቅጠል አላገኘችም፤ እጇም ሥራውን ተወው።

በእኛ ወግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። እሷም ወረደች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ሳምንት ሳትሞላ ሞተች። እዚያው መንደር፣ ዘንባባው ስር ቀበሯት። እኔ አልወረድኩም። ገብሱ ደርሶ ስለነበር ልጨድ አልኩ። አጭጄ ስጨርስ እሷ ራሷ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ወንዶች ልጆች ወለድን፤ አደጉ፤ ሁሉም በየፊናቸው ሄዱ። እኔና እሷ ቀረን።

አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጠን ባቄላ ስንፈለፍል፣ "ስሞት ወደ ታች አውርደህ ልጄ አጠገብ አስተኛኝ" አለችኝ።

"አብደሻል? ሚስቱን ለወላጆቿ መለሰ ይበሉኝ? የኔ ዘመዶች ባሉበት ነው የምትተኚው።"

"ይበሉህ። ሰው ምን ይለኛል ስትል አይደለም ያረጀኸው?"

"አይሆንም ብያለሁ።"

ወደ ባቄላው እንዳቀረቀረች ሳቀች። "ልጄ የተኛችው ዘንባባ ስር ነው። አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ውርጭህ ላይ ዘንባባ አብቅለህ ሁለት በጋ ካሻገርክልኝ፣ ወላሂ እዚሁ እተኛልሃለሁ። ካቃተህ ግን ታወርደኛለህ።"

እንደማይሆን አውቃ ነው ያለችው። እምቢታዋ ነበር። እኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት።

ቦሩ ሜዳን ለማያውቅ፦ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ውርጩ ይወርዳል። ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ማታ ያማረ ባቄላ ሲነጋ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። እኔ ይህን እያወቅሁ ከቆላ አንድ የዘንባባ ችግኝ ነቅዬ አምጥቼ ተከልኩ። የመጀመሪያው ውርጭ እንደ ተቀቀለ ጎመን አደረገው። እሷ አይታው ወደ ማጀቷ ገባች። ይኼ ይበልጥ አናደደኝ።

ታናሽ ወንድሟ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነው። ከደሴ ፒያሳ በሚኒባስ ወርጄ ነገሩን አማከርኩት። ውሉን አልነገርኩትም፤ ዘንባባ አማረኝ ብቻ ነው ያልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

"አማቼ፣ እርስዎ ደጋ ላይ ግመል ላርባ የሚሉ ሰው ነዎት።"

"ሳቁን ተወውና አለ ወይስ የለም?"

"አለ። ከብርድ አገር የመጣ ዘር ነው ይላሉ።" ግቢው ጥግ ወስዶ አሳየኝ። ግንዱ የፍየል ፀጉር የለበሰ ይመስላል፤ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው። "ይኼ ውርጭ ይችላል። የሚገድለው ብርዱ አይደለም። ራሱ ላይ ውሃ ተኝቶ ብርድ ከያዘው ነው የሚሞት። ዘንባባ ያለው አንድ ራስ ነው፤ ቅጠሉ የሚወጣው ከዚያች ከመሃሏ ብቻ ነው። እሷ ከበሰበሰች ሌላ አያወጣም። ማታ ማታ ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስበው ይሰሩት፣ በጆንያ ይሸፍኑት፣ ረፋድ ላይ ይግለጡት። ስሩን ያጠጡት። ራሱን ግን አደራ፣ ደረቅ ይሁን።"

"ዝናብ ሲመታው ኖሮ ለኔ ሲሆን ነው ውሃ የሚፈራው?"

"የክረምት ዝናብ አይቀዘቅዝም አማቼ። የእርስዎ ጭንቅላት ነው ከውርጩ የባሰ የደረቀው።"

አንድ ችግኝ በቆርቆሮ ሰጠኝ። ሚስቴ ስታየው ዙሪያውን ዞረች። "ይኼ ደግሞ ዘንባባ ነው?" አለች። ወንድሟ በስልክ "የዘንባባ ወንድም ነው እህቴ" አላት። "ይሁን እንግዲህ፣ ዘመድ ነው" አለችና ገባች።

የመጀመሪያውን በጋ እንዳለኝ አደረግሁ። ከቤታችን ግንብ ሥር ተከልኩት፤ ስሩን ገለባ አለበስኩት፤ ማታ አሰርኩ፣ ጠዋት ፈታሁ። የጎረቤት ሰው በአጥሩ ጥግ እያለፈ "ሙሽራዪቱ እንዴት አደረች?" ይለኛል። "ካንተ ሚስት ይልቅ በደህና አድራለች" እለዋለሁ። የቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተለበለበ እንጂ መሃሉ አልሞተም። በበልግ አዲስ ቅጠል እንደ ጦር ተጠቅልሎ ብቅ አለ። ሚስቴ ቆማ ስታየው አገኘኋት። ደስ ያላት አልመሰለኝም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይኼንንም ልናገር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሆዷ ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ተመላለስን። በመጨረሻ ወደ ቤት ውሰዷት አሉኝ። ይዣት ገባሁ፤ ውርጩም ገባ።

ያኔ ፈራሁ። እሷ ትሙት አትሙት በአላህ እጅ ነው፤ ዘንባባው ግን በኔ እጅ ነው አልኩ። በጆንያው ላይ ዱዓ ልጨምርበት ፈለግሁ። አባቶቻችን የውዱእ ውሃ፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን፣ አይደፉም፤ የተረፈውን ለተክል ነው የሚሰጡት፤ በረካ አለው ይላሉ። እኔም ለንጋቱ ሶላት፣ ለሱብሂ፣ ውዱእ አድርጌ የተረፈውን ይዤ እወጣለሁ። ጆንያውን ገልጬ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ውሃውን መሃሉ ላይ አፈሳለሁ፤ መልሼም እሸፍነዋለሁ። በየቀኑ። ስሩ ላይ ባፈሰው ምን ነበረበት? በረካ ከራስ ይጀምራል ብዬ ነው። አትክልተኛው አማቼ ያለኝ አልጠፋኝም። ግን እሱ የተናገረው ስለ ውሃ ነው፤ ይኼ ደግሞ የውዱእ ውሃ ነው አልኩ።

አንድ ረፋድ ስገልጠው በዚያች በተጠቀለለችው ቅጠል መሃል ውሃው በረዶ ሠርቷል። በጣቴ ሰበርኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሏን ትንሽ ሳብ ባደርጋት ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። ሥሯ ቡናማ ሆኖ ሟምቷል፤ የበሰበሰ ድንች ይሸታል።

የቀሩት ቅጠሎች ግን አረንጓዴ ነበሩ። ዘንባባ ከሞተም በኋላ ቶሎ አያሳውቅም።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ቅጠሏን መልሼ ጉድጓዷ ውስጥ ሰካኋት። እንዳትወድቅ በቃጫ ክር ከጎኗ ካለው ጋር አሰርኳት።

በሳምንቱ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሚስቴ "አውጣኝና ልየው" አለችኝ። ክብደቷ ሁሉ ሆዷ ሆኗል፤ የቀረው አካሏ እንደ ሕፃን ነው። ተሸክሜ አውጥቼ በር ላይ አስቀመጥኳት። ወደ ተክሉ አላስጠጋኋትም።

"መሃሉ አውጥቷል?"

"አውጥቷል። ያቻት።"

ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አሸነፍከኝ እንግዲህ" አለች። "ቃሌ ቃል ነው።" አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ "ብርድ አለ፣ አስገባኝ" አለች። ያኔ ልነግራት እችል ነበር። ጊዜ ነበረኝ፤ አፍም ነበረኝ። "እሺ" ብዬ አስገባኋት።

የዚያኑ ቀን ለወንድሟ አስደወለችኝና "ዘንባባው በጋውን ተሻግሯል፤ እዚሁ ቅበሩኝ" አለችው። እሱ ውሉን የሰማው ያኔ ነው።

ጁምዓ ቀን ሞተች። ወንድሟ መጥቶ ጉድጓዱን ከሰዎቹ ጋር ቆፈረ። መሬቱ ድንጋይ ነበር። ተክሉን ቀና ብሎ አየው እንጂ አልቀረበውም፤ አስከሬን እየጠበቀ ማን ተክል ይመረምራል?

በአርባዋ ሰደቃ ስናወጣ ተመልሶ መጣ። ቅጠሎቹ ያን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ጠውልገዋል። ሰው ሲበታተን ወደ ግንቡ ሄደ። ክሩን አየው፤ ፈታው። ቅጠሏን በሁለት ጣቱ መዘዛት። አሸተታት።

"መቼ ነው የሞተው?"

"ሰንብቷል።"

"እሷ ሳትሞት ነው ከሞተች በኋላ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ሳትሞት ነው" አልኩት።

"ታውቅ ነበር? አንተን ነው የምጠይቅህ፣ ታውቅ ነበር?" አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

"አውቅ ነበር።"

"ይኼን ክር ያሰርከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ይመታኛል ብዬ ቆምኩ። ቢመታኝ በወደድኩ። "በኔ ችግኝ" አለ። "እህቴን በኔ ችግኝ አታለልካት።" ቅጠሏን መሬት ላይ ጥሎ ጫማውን አጠለቀና ሄደ።

መንደራችን ውስጥ ኪታብ የሚያውቁ አባት አሉ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አውጥቼ ላውርዳት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰምተው ሲጨርሱ "ለሞተው ሰው ማረፊያው ያረፈበት ነው። መቃብር አትነካካ። አንተ ግን ተውበት አድርግ፣ ተጸጽተህ ወደ አላህ ተመለስ" አሉኝ። ተውበት አድርጌያለሁ። ጉዳዩ ግን እዚያ አላለቀም፤ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድሟ ስልኬን አያነሳም። ኮምቦልቻ ወርጄ ከፋብሪካው በር ላይ ጠበቅሁት። ሠራተኛው ሁሉ ወጣ፤ እሱ በሌላ በር ወጥቶ ነው መሰል አላየሁትም። ወደ ቦሩ ሜዳ ከመመለስ ብዬ በባጃጅ ወደ መንደራቸው ወረድኩ። ቢያንስ ልጄን ልዘይራት፤ እናትሽን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ ልበላት።

መካነ መቃብሩ ሰፊ ነው። ዘንባባው አንድ መስሎኝ ነበር፤ ወንዙን ይዞ እስከ ታች ድረስ ዘንባባ ነው። ከያንዳንዱ ሥር ትንንሽ የድንጋይ ክምር አለ፤ ሕፃናት ናቸው። አንዱ ጋ ቆምኩ፤ ወደ ሌላው ሄድኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን የት ጋ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ቅጠል የምትቆርጥ ባልቴት አየችኝ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ማንን ፈልገው ነው?"

"ወዓለይኩም ሰላም። ሴት ልጄን ነው።"

"ስሟን ይንገሩኝና ላሳይዎ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ።"

"ስም ሳይወጣላት ነው የሞተች።"

"እንግዲያ እኔም አላውቃት" አለች፤ ማጭዷን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። "እናቷን ይጠይቋት። እናት አትረሳም።"

እሺ አልኳት።