ለቬሎ የከሳች ሙሽራ

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ የእህታችንን የሠርግ ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እሺ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና አንዳችሁ ጻፉት። ሳወራው ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው መዞር ልማዴ ነው፤ ያኔ ጎሮ እናታችሁ ዘንድ ነበርኩ። እህታችሁ ልታገባ ሁለት ወር ሲቀራት ቬሎ ልትከራይ ቦሌ ይዛኝ ሄደች። አንዱን ወደደችው፣ ለበሰችው፤ ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ።

«ትንሽ አይሰፋም እንዴ፣ ልጄ?» አልኳት ባለሱቋን።

«ኧረ እማማ፣ ቬሎ አይሰፋም! እሷ ትቀንስ እንጂ። ሙሽራ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ሙሽራ ትቀንስ! እኛ ስንዳር ገንፎ በቅቤ፣ ወተት በዋንጫ ነበር የምንቀለበው። እህታችሁ ደግሞ ድሮም ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ወተት «ያወፍራል» ብላ ትታ፣ ምሳዋን በለስላሳ የምታልፍ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ጭራሽ ኪያርና ውሃ ሆነ። ጎመን በአይብ አቀርብላታለሁ፣ ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች።

«እምዬ፣ ዳይት ላይ ነኝ እኮ!»

«ዳይት ላይ ሆነሽ አልጋ ላይ እንዳትውይ!»

«አንቺ ደግሞ፣ ሟርተኛ!» ብላ ሳመችኝ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሰሚት ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ አዳለጣት፤ መሬቱን በእጇ ተደገፈች። የእጇ አንጓ ቀጭ አለ። ሕፃን እንኳ ወድቆ አቧራውን አራግፎ የሚነሳባት ከፍታ!

ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ ሌላም ምርመራ አሠርቶ፣ «አጥንቷ ሳስቷል» አለን። «አጥንት የሚጠራቀመው በወጣትነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያለውን መጠበቅ እንጂ መጨመር ይከብዳል። ለመሆኑ ምን ትበላለች?»

«ኪያር» አልኩት።

ጀሶዋን እንደታሰረች ተዳረች። ጓደኞቿ «ከቬሎው ጋር ማች ያደርጋል!» እያሉ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ በፍስኩ እርጎና አይብ፣ በጾሙ ጎመንና ሰሊጥ አልተለያትም፤ ደግነቱ ሠላሳ አልሞላትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ የጎረቤት ልጅ ስትዳር እዚያው የቦሌው ሱቅ ተከትያት ሄድኩ። እሷንም ዚፑ እምቢ አላት፤ «እኔ ግን አልቀንስም!» ብላ ድርቅ አለች። ይህን ጊዜ ያችው ባለሱቅ ምንም ሳይመስላት ቬሎውን ገልብጣ ስፌቱን መፍታት ጀመረች። በግራም በቀኝም ጎኑ፣ ሲያስፈልግ እንዲሰፋ ተብሎ፣ ሦስት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቶበታል።