የትራክተር ነጂው ጥንቸል

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መተማ ዮሐንስ ለመምህርነት ተመድቤ ስገባ፣ የተከራየሁት ክፍል የጋሽ ባህሩና የእትዬ ዝናሽ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ዝናሽ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህርት ናቸው። «በዚህ ሐሩር ቤት ፍለጋ አትንከራተት፤ የኛ ግቢ አንድ ክፍል አለ» ብለው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ባህሩ ሃያ ስድስት ዓመት ትራክተር ነድተዋል፤ መጀመሪያ አብደራፊ፣ በኋላ መተማ ዙሪያ ባሉ የሰሊጥ እርሻዎች። እኔ ስደርስ ሥራ ካቆሙ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር።

እንዴት እንዳቆሙ የነገረችኝ ጎረቤታችን አየሁሽ ናት። አንድ ቀን ትራክተሩን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ከበስተኋላቸው ጎንበስ ብሎ ሰንሰለት ይፈታ ነበር። ሰው ሁሉ ጮኸ። እሳቸው አልሰሙም። ጎማው ሰውየው ጋ ሊደርስ ክንድ ያህል ሲቀረው አንዱ ሮጦ ፊታቸው ቆመና እጁን አወናጨፈ። ሰውየው ተረፈ። ጋሽ ባህሩ ግን በዚያው ዕለት ወርደው ቁልፉን ለባለ እርሻው አስረከቡ።

«ጆሮው ትንሽ ከብዷል» ይሉ ነበር እትዬ ዝናሽ። እኔም «ትንሽ» ያሏትን አምኜ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ስላቸው ዝም ሲሉኝ፣ ተከራይ የማይወዱ ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ሲናገሩ ደግሞ ይጮኻሉ። ቀኑን ሙሉ ራኩባው ሥር፣ ግቢው መሀል ካለው የሣር ዳስ ጥላ ውስጥ፣ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን እያገላበጡ ያያሉ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ኸሊፋ መጣ። ኸሊፋ ከገዳሪፍ የትራክተር መለዋወጫ እያመጣ የሚሸጥ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ ከጋሽ ባህሩ ጋር የሃያ ዓመት ወዳጆች ናቸው። በየጎኑ የተበሳሳ የብስኩት ካርቶን ይዟል። ራኩባው ሥር አስቀምጦ ሲከፍተው፣ አመድማ የሆነ፣ ከሁለት ጡጫ የማይበልጥ ነገር ጆሮውን ጀርባው ላይ አጣብቆ ጥጉን ይዟል።

«አርነብ» አለ ኸሊፋ። ቀጥሎም በአማርኛ፣ «ጥንቸል ነው። የዱር አይደለም፣ የቤት ነው፤ ገና ሁለት ወሩ። ልጆቼ ወደ ካርቱም ሊሄዱ ነው፣ ለማን ይተዉት?»

እትዬ ዝናሽ ከሚያርሙት ደብተር ቀና አሉ። «ኧረ ኸሊፋ፣ ምን እናድርገው? እኛ ጥንቸል አንበላ። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው!»

«ወላሂ፣ ብሉት ያለ የለም። ባህሩ ይየው ብዬ ነው።»

ጋሽ ባህሩ ካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። የጥንቸሉ አፍንጫ ይርገበገባል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይርገበገባል። «ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። በሁለት እጃቸው ከሥሩ ደግፈው አወጡትና ጅራቱን አዩ። አጭርና ድቡልቡል ነበር። «ቡሎን» አሉት፤ መካኒኮች ብሎኑን እንደሚጠሩት። ስሙ በዚያው ጸና።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ምን ላይ ይተኛ የሚለው ነበር። የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሰማኸኝ በደጅ ሲያልፍ ተጠርቶ ገባና፣ «ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት ላም፣ ፍየልና ግመል ነው» ብሎ ጥንቸሉን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ሄደ። ስለዚህ ጋሽ ባህሩ ነገሩን እንደ ተበላሸ ሞተር ያዙት፤ አንዱን ይሞክራሉ፣ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ይለውጣሉ።

በጣውላ ዝቅ ያለ መደብ ሠሩለትና ከአናጢው ትኩስ ሰጋቱራ አምጥተው ጎዘጎዙለት። በማግሥቱ ቡሎን ያስነጥስ ጀመር፤ ዓይኑም ያነባል። ጋሽ ባህሩ ከሰጋቱራው ዘግነው ሲያሸቱ እሳቸውንም አስነጠሳቸው። «የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተዘግቷል» ብለው ሁሉንም ጠርገው ደፉት። የሰሊጥ አገዳ አመጡ፤ በዚያ ወቅት እንደ ልብ ነው። አገዳው እግሩን ወጋውና አንዱን እግር አንሥቶ አንዱን እየጣለ ጥግ ላይ ቆመ። ጆንያ ሲያነጥፉለት ክሩን እየመዘዘ በላው፤ ጣት የሚያህል ክር ከአፉ ሲስቡ አይቻለሁ። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብለው ለስላሳ ሣር አጭደው መጡ፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ወፈር አድርገው ጎዘጎዙት። ቡሎን ገባበት፣ ቆፈረው፣ በአፉ እየገፋ ጎድጓዳ ሠራ፤ ከዚያ ድንገት በጎኑ ዘፍ ብሎ እግሩን ዘረጋ።

«ሞተ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዝናሽ።

ሦስታችንም ሮጥን። ቡሎን አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየንና መልሶ ጨፈነ። ለካ ተመችቶት ነው። ጋሽ ባህሩ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀትር ላይ ግን ራኩባውም ይፋጃል። ጥንቸል ሙቀት እንደማይችል ጋሽ ባህሩ ከአተነፋፈሱ ተረዱ፤ ጣውላውን ወደ ቤት ሊያስገቡ ፈለጉ። እትዬ ዝናሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ወለሌ ላይ አንዲት በጠጥ እንዳላይ!»

ጋሽ ባህሩ ከሚስታቸው ጠመኔ ወሰዱ። ጥንቸሉን ቤት ውስጥ ለቀው፣ በሸናበት ቦታ ሁሉ ወለሉን በጠመኔ እያከበቡ ሦስት ቀን ተከታተሉት። ክቦቹ መጀመሪያ ተበታትነው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አብዛኞቹ ከዚሩ ኋላ፣ ውኃ ከምናቀዘቅዝበት ትልቅ እንስራ ሥር፣ ተሰበሰቡ። «ቦታውን እሱ መርጧል» አሉኝ። «እኔ ሌላ ብመርጥለት እሺ የሚለኝ ይመስልሃል?» የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቁ፤ ጠርዙ እንዳይቆርጠው በሞረድ ሞረዱት። ሣር ከሥር አደረጉበት፤ በሽንቱ የራሰውን ሣር ጥቂት ቀላቀሉበት። በአንዱ ጫፍ ደግሞ የሚበላው ድርቆሽ አኖሩ፤ እየበላ እንደሚሸና ልብ ብለው ነበር። ውጭ የወደቀውን በጠጥ እየለቀሙ ወደ ጀሪካኑ ይመልሳሉ። አይቆጡትም፣ አይመቱትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡሎን እየዘለለ በራሱ ይገባ ጀመር። ጎረቤቶች ይህን ለማየት መጡ። አየሁሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ጠበቀች፤ ሲገባ ባየች ጊዜ፣ «ኧረ ከኔ ባል ይሻላል!» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞላችው።

ጥር ላይ ግን ሁሉም ሊበላሽ ደረሰ። ጋሽ ባህሩ ጀሪካኑን በበረኪና ፈትገው አጥበው እንደ አዲስ መለሱት። ቡሎን ገብቶ አሸተተ፤ የራሱን ሽታ አጣበት። ወጣና ሌላ ጥግ ፈለገ። ያገኘው ጥግ ላይ እትዬ ዝናሽ የከመሩት የሰባ ሁለት ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ነበር።

«ይሄ አውሬ ነገ ከዚህ ቤት ይውጣ!» አሉ እትዬ ዝናሽ፤ እንባቸው መጥቶ ነበር። ወረቀቱን አንድ በአንድ የሽቦ አጥር ላይ አሰጣን። ጋሽ ባህሩ ጀሪካኑን ይዘው ወጡና ብዙ አሰቡበት። ከዚያ ወዲህ በውኃ ብቻ ያጥቡታል፤ ሣሩን በየቀኑ ሲለውጡም ከአሮጌው አንድ ጭብጥ ያስቀራሉ። ቡሎን ወደ ቦታው ተመለሰ። እትዬ ዝናሽም «ነገ» ያሉትን ቀን ረሱት።

መጋቢት ሲገባ ፀጉሩ ይረግፍ ጀመር። አልጋው ላይ፣ ወጡ ውስጥ፣ በእትዬ ዝናሽ ነጠላ ላይ፣ የትም ፀጉር ሆነ። በጠጡም እንደ መቁጠሪያ በፀጉር ተያይዞ ይወጣል። ጋሽ ባህሩ የሚያውቁት ጽዳት ማጠብ ነው፤ ስለዚህ ሳፋ ላይ ውኃ ሞልተው ነከሩት። ጥንቸሉ ተወራጨና ዝም አለ። ከትምህርት ቤት ስንገባ ጋሽ ባህሩ ረጥቦ ያነሰ ነገር በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

እትዬ ዝናሽ ቦርሳቸውን ጣሉ። ነጠላቸውን ገፈፉና ቡሎንን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙት። ቀስ እያሉ አደራረቁት። «ልቡ እኮ ሊፈነዳ ነው! ድንጋጤ ነው፤ አታናግሩኝ» አሉን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ አፍንጫው እንደገና ተርገበገበ።

ማበጠሪያ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ጥርሱ ጠበብ ያለች አሮጌ የቀንድ ማበጠሪያ። ጋሽ ባህሩ ጭናቸው ላይ ይይዙታል፣ እትዬ ዝናሽ ከአንገቱ ወደ ኋላ፣ ፀጉሩ እንደተኛ ያበጥሩታል። የተቋጠረውን በጣታቸው ይፈታሉ እንጂ አይጎትቱም። ጥፍሩን የሚቆርጡት ጋሽ ባህሩ ናቸው፤ እግሩን ወደ ብርሃን ያነሡና ጥፍሩ ውስጥ ያለችውን ቀይ የደም ሥር አይተው፣ ከእሷ ራቅ አድርገው ጫፉን ብቻ ይቆርጣሉ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማየት ለመድኩ። ከዚያ በፊት አብረው ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ እትዬ ዝናሽ አንድ ነገር ታዘቡ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የቆርቆሮውን በር ሁልጊዜ እየደበደቡ፣ እየተጣሩ ነበር የሚያስከፍቱት። አሁን ገና ሳናንኳኳ በሩ ይከፈታል። አንድ ቀን ሆነ ብለው በእርጋታ ተራመዱ፤ አሁንም ተከፈተ።

«እንዴት አወቅህ?» አሉ ራኩባው ሥር ስንቀመጥ።

ጋሽ ባህሩ ኮሩ። «ቡሎን ነዋ! ኮቴ ሲሰማ በኋላ እግሩ ጣውላውን ይመታል። እኔ እግሬን ጣውላው ላይ አሳርፋለሁ፤ ንዝረቱ ይደርሰኛል።»

እትዬ ዝናሽ ደብተር አንሥተው አፋቸውን ከለሉና፣ «ባህሩ፣ ውኃ ስጠኝ» አሉ። ጋሽ ባህሩ ደብተሩን ያያሉ። «ባህሩ!» ብለው ጮኹ፤ እኔ እንኳ ደነገጥኩ። እሳቸው አልተነቃነቁም። እትዬ ዝናሽ ደብተሩን ቀስ ብለው አወረዱት።

«አፍሽን ካላየሁ ምንም የለም፣ ዝናሽ» አሉ ጋሽ ባህሩ። በዚያ ቀን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግራው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀኙም ሊከተል ነው።»

«ስድስት ዓመት! ከጓሮ ስጠራህ ዝም ስትለኝ … አኩርፈኸኝ መስሎኝ እኮ ነው! እኔ ምን አድርጌው ነው እያልኩ …»

«ለማይሰማ ሰው ማን ትራክተር ይሰጠዋል? ለዚያ ብዬ ደበቅሁ። ትራክተሩን ከተውኩት በኋላ ደግሞ ውሸቱ ረዝሞ መውጫው ጠፋኝ። ያን ሰው እኮ ልገድለው ነበር።»

እኔ ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። በመስኮት ሳይ፣ እትዬ ዝናሽ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ፣ ለልጆች ፊደል እንደሚያስተምሩት ያናግሯቸው ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እትዬ ዝናሽ ባላቸውን ጎንደር ወሰዷቸው፤ ቡሎንን ለእኔ ትተው። ሐኪሙ ጆሯቸውን መርምሮ፣ የሞተሩ ጩኸት ዓመት በዓመት ነርቩን እንደጎዳው፣ ግራው እንደማይመለስ፣ ቀኙን ግን የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳው እንደሚችል ነገራቸው። መሣሪያው የተገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጋሽ ባህሩ መጀመሪያ ጠሉት። «ዓለም ሁሉ ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወልቁትና ሲያደርጉት ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቡሎንን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ዝናሽ ማበጠር ጀመሩ። ጋሽ ባህሩ ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ! ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ጥርሱ! ጥርሱን ያፏጫል … አይደለም፣ ያፋጫል፤ በቀስታ። ስታበጥሪው ነው፣ ስታቆሚ ይተዋል። አበጥሪው እስቲ!»

እትዬ ዝናሽ አበጠሩ፤ ምንም አልሰሙም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ጥንቸሉ ጉንጭ አስጠጉ። «ኧረ እውነቱን ነው!» አሉ። «መምህር፣ ና እስቲ አንተም ስማ።»

እኔም ሄጄ አጎነበስኩ። በጣም ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ሰው በሩቅ ሰሊጥ ሲቆረጥም የሚመስል። ከአሥር ወር በላይ አብሬው ኖሬ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

«ታዲያ ምን ማለቱ ነው?» አልኩ።

«እሱን ገና አላወቅሁም» አሉ ጋሽ ባህሩ፤ መሣሪያውን በጣታቸው ጠበቅ አድርገው። «ዝም በሉና እንስማው።»