ለማሽኑ የሚቀርብ ተራራ

ከቺሮ የወጣን ዕለት፣ መግሪብ ሰግደን ሳንነሳ ነው መኪናው በር ላይ ጥሩምባ የነፋው። ባለቤቴ ጀማል ሹፌር ነው። ከመቻራ ቡና፣ ከበደሳ ጫት ሲያወርድ የኖረ ሰው ያን ቀን በሌላ ሰው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ፣ በእኔና በበሩ መካከል ተጣቦ ተቀመጠ። ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ስንወርድ በየጠመዝማዛው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን ፍለጋ ነው። ሹፌሩ አይቶት ሳቀበት። እኔ የጥቂት ወር ሙሽራ ነበርኩ፤ ይረጋ ብዬ ጉልበቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። እግሩ ግን አልተወም።

ለምን ወጣችሁ ለምትሉኝ፣ መንገዱ ተበላሽቶ ነው። አስፋልቱን ማለቴ አይደለም። ጀማል የሚያውቃቸው ሁለት ሹፌሮች ጭነት ይዘው ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። መኪኖቻቸው ተገኙ፣ እነሱ አልተገኙም። ከዚያ በኋላ እሱ ወደ ሥራ በወጣ ቁጥር እኔ እስኪመለስ ድረስ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። በደሳ ያሉት እናቱም እንዲሁ። በመጨረሻ ሂዱ ያሉን እሳቸው ናቸው።

የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ሌሎች ደጋግመው አውርተውላችኋል፤ እኔ አልመለስበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሊቢያ ውስጥ በተቆለፈብን መጋዘን ውሃ የሚታደለው ለጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ነበር፣ ጀማልም ከድርሻው እየቀነሰ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ኩላሊቱ የተጎዳው ያኔ ሳይሆን አይቀርም ያለ ሐኪም አለ። ሌላው ደግሞ የለም፣ ደም ግፊት ነው አለን።

ጀርመን ገባን። የሰጡን ከተማ ትንሽ ናት፤ ሰማይዋ ግማሹን ዓመት እንደ ረጠበ ጆንያ ያዘቀዘቀ ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ ማለት ከሰውየው ተነስቶ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቆ ነው የሚያልቀው። እዚህ ጎረቤቴ «ሃሎ» ትላለች፣ አፌን ሳልከፍት በሯ ተዘግቷል። ቢሆንም ኖርን። እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። ጀማል መንጃ ፈቃዱን እንደገና ተፈትኖ አወጣና ዳቦ ለየሱቁ የሚያደርስ መኪና ያዘ። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ የማሽላ እንጀራ ለለመደ ጥርስ ቅጣት ነው እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ፊቱ አበጠ። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል አሉን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ማሽን ላይ ታስሮ ደሙ ይታጠባል። ሙዝ ተከለከለ። ድንች ውሃው ተደፍቶ ሁለቴ ይቀቀላል። ቡና አንድ ስኒ። ውሃማ በልክ ነው፤ ጥሙ ሲብስበት በረዶ ይመጥጣል። የዳቦውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት። የንቅለ ተከላ ተራ ያዝንለት፣ ተራው ግን መቼ እንደሚደርስ የሚነግረን የለም።

አንድ እሁድ ቁርስ ላይ፣ ቀና ሳይል፣ አገሬ እገባለሁ አለኝ።

«ማሽኑስ?» አልኩት።

«ማሽኑ እዚህ ይቅር።»

በደሳ እናቱ ቤት ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ማሽን የለም። ማሽን ወዳለበት ከተማ በየሁለት ቀኑ መመላለስ አይችልም። የሚለኝ ገብቶኛል፤ አገሬ ሄጄ ልሙት ነው የሚለኝ። አልቅሼ ለመንኩት። እናቱ መታመሙን አያውቁም። እንዳልነግራቸውም አስምሎኛል።

በሥራ ቦታ አብራኝ የምታጥበው ሃይዲ የምትባል ጀርመናዊት አሮጌ የቤት መኪና አላት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ መታጠቢያ ያለው፣ እነሱ ቮንሞቢል የሚሉት። ነገሩን ስነግራት ብዙ አላለችም። ሰውዬው ሹፌር አይደል፣ ይንዳዋ ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። እኔም ጀማልን ጥቂት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። አገራችንን የሚመስል ተራራ ልፈልግልህ፤ እዚያ እንረፍ፣ ካልሆነልህ ያኔ ስለ መሄዱ እናወራለን። መሪ መጨበጡን ሲሰማ ነው እሺ ያለው።

እዚህ አገር ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ ለማደር ይከፍላል። ካምፒንግ ይሉታል። እኛ ሜዳ ላይ ማደርን የምናውቀው በሌላ መንገድ ነው፤ ግን ተማርኩት። ስልኬ ላይ በየቦታው የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ አመሻለሁ። አንዷ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ሻወሩ ግን ቀዝቃዛ ነው ትላለች። ሌላው ጀምበር ስትጠልቅ አስለቀሰኝ፣ ጎረቤቶቼ ግን ያንኮራፋሉ ይላል። እኔ ግን ከእይታው በፊት የማየው ሌላ ነገር ነበረኝ። የኩላሊት ማጠቢያ ማዕከል በቅርብ መኖር አለበት፤ ያም ማዕከል እንግዳ በሽተኛ መቀበል አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ተራራ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ከተራራው ሥር ሐኪም ቤት እፈልጋለሁ። ስንት የሚያምር ቦታ ለማሽን ራቀብኝና ተውኩት።

አንዱ ማዕከል ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት፣ ለምን እኛን መረጣችሁ አለችኝ።

«ለተራራው እይታ» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ከማሽኑ ክፍል የሚታየው የመኪና ማቆሚያው ነው» አለችኝ። ለቅሬታ እንዳልመጣ ብላ ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ ያደርነው ሐይቅ ዳር ነው። ሁሉም ያመሰገኑት ቦታ ስለሆነ አመንኳቸው። ኃላፊው ቁምጣ የለበሰ፣ ቁልፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ውሻ አላችሁ ብሎ ጠየቀን፤ የለንም ስንለው ጥርጣሬ ገባው። ከዚያ ከማደሪያው ሌላ ኩርታክሰ የሚባል ግብር እንዳለ ነገረን። የምን ነው ስለው፣ ለንጹሕ አየሩ ነው አለኝ። ለጀማል ተረጎምኩለት። ሳልተነፍስ ባድር ይቀንስልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ አለኝ። አልጠየቅኩም።

ምሳ በልተን ጀማል የመኪናውን በር ሲዘጋ ሽማግሌው እየተጣደፈ መጣ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝምታ ነው፣ በራችሁ ጮኸ አለን።

«በሽተኛ ነው፣ ሽንት ቤት ቢሄድስ?» አልኩት።

«ቀስ ብሎ ይክፈተው።»

ጀማል ይህን ሲሰማ በአማርኛ፣ «በይው እንግዲህ፣ እኔና ሽንት ከተፋታን ቆየን» አለ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ስቆ አላየሁትም፤ እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያየናል።

ማታውን ግን አልሳቀም። ያ ሁሉ ውሃ ፊቱ ተዘርግቶ እሱ የቀኑን ልኩን ጨርሷል። ወንበሩን አዞረና ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። በነጋታው ማሽኑ ላይ ውሎ ደክሞት መጣ፤ ካረፈ በኋላ ተነሳን።

ሁለተኛው ጫካ ውስጥ ነበር። ጥዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሰማዩን ዘግቶታል፤ እኩለ ቀን ላይ መብራት ይበራል። ሰዎቹ ጸጥታው ነፍስ ያድሳል ብለው ጽፈው ነበር። ጀማል ዙሪያውን አየና፣ እንደዚያ እንደ መጋዘኑ ነው አለ። ዕቃ እንኳ አላወረድንም።

ሦስተኛውን ያገኘሁት በመከራ ነው። አንዲት ገበሬ ከላሞቿ በላይ ያለውን ዳገት ለጥቂት መኪና ታከራያለች። ሻወሩ አንድ፣ ስልክ የሚይዘው በአንድ ወገን ብቻ፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ከበድ ያለ መኪና አይምጣ የሚል ማስጠንቀቂያ ሁሉም ጽፈዋል። ማሽኑ ከሥር ባለችው ከተማ አለ። ማስጠንቀቂያውን ለጀማል ሳነብለት ፊቱ በራ። እዚያ ውሰጂኝ አለኝ።

ያን ዳገት ሲወጣ ብታዩት። ማርሹን አስቀድሞ ይቀንሳል፣ ሞተሩን ያዳምጣል፣ በየጠመዝማዛው እንደ አገራችን ጥሩምባ ይነፋል። እዚህ ያ ነውር ነው። አንድ ብስክሌተኛ ቆሞ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሽከረከረብን፤ አብደሃል ማለቱ ነው። ጀማል በአክብሮት እጁን አንስቶ ሰላም አለው። ከባል ይልቅ ያን የመቻራውን ሹፌር አጠገቤ ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። አላህ ይመስገን፣ ቦታው ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ላይ ስንደርስ ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ የኋለኛው ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ጉም። ከቺሮ ወደ በደሳ ሲኬድ ከላይ የሚታየውን ዓይነት ነው። ጀማል ወርዶ ቆመ። እኔ ምድጃውን ለኩሼ፣ ሩዙን ጥጄ ስመለስም እዚያው ቆሟል።

«መሰለህ?» አልኩት።

«በጣም መሰለኝ» አለ። ቆየና፣ «ሰው ግን የለበትም። ይኼን የሚያህል ተራራ፣ አንድ ማሽላ የሚጠብቅ የለውም? ገበያ የሚሄድ እንኳ የለም?»

እውነቱን ነው። መንገዱ ባዶ ነው። አህያ የለ፣ የሣር ሸክም የለ፣ ቁም ጫነኝ የሚል የለ። የላሞቹ ቃጭል ብቻ ይሰማል።

ጁምዓ ነበርና እናቱ ጋ የምንደውልበት ቀን ነው። ስልክ ወደሚይዝበት ወገን ወጣን። እናቱ በእህቱ ስልክ በምስል መጡ፤ እንደ ወትሮው በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጥን። ጀማል ስልኩን አዙሮ ተራራውን አሳያቸው። ብዙ አዩና፣ የማን መሬት ነው፣ ለምን አልታረሰም አሉ። ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ሰጠኝና የመኪናውን ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ሲወርድ በጆሮዬ፣ ውሃውን ቀድቼ ስመለስ፣ አገሬ ልገባ ነው እላታለሁ፤ ዛሬ እነግራታለሁ አለኝ።

እናቱ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ሰአዳ፣ ልጄ ከስቷል። ክንዱ ላይ ያለው እብጠት ምንድን ነው?»

ማሽኑ የሚሰካበት ቦታ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ስለነበር አይተውታል። ደህና ነው፣ ምንም አይደል አልኳቸው።

«አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

ነገርኳቸው። መሐላዬን አፈረስኩ። ደሙ በማሽን እንደሚታጠብ፣ ያለ ማሽኑ ብዙ እንደማይቆይ፣ አገሬ እገባለሁ እንደሚል፣ ሁሉንም። ምስሉ የቆመ መስሎኝ ስልኩን አነቃነቅኩት።

«ማሽኑ እዚህ የለም?»

«በደሳ የለም፣ እማዬ።»

«ና ብለው ይመጣል?»

«ዛሬውኑ ይመጣል።»

በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ለቀው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም። ሲመጣ ስልኩን ስጪው» አሉኝ።

ጀማል የውሃውን ጀሪካን አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ ስልኩን ተቀበለኝ። ገና እማ ከማለቱ ቀደሙት። ቤቱ ጣሪያው ሊነሳ ነው፣ እንግዳ የሚያሳርፍ ቦታ የለም፣ መንገዱም ደህና አይደለም፤ ዘንድሮ እንዳትመጣ አሉት። እሱ እኔ እንግዳ ነኝ ወይ አለ። እሳቸው ለሶላት ልነሳ ብለው ዘጉ። ሶላቱ ገና ነበር።

ስልኩን እንደያዘ ቆመ።

«ምን አደረግኳት?» አለኝ። «ስንት ዓመት ሳልመጣ ስለቀረሁ ተቀይማኝ ነው?»

«ዘንድሮ ነው እንጂ ያሉት፣ ለዘለዓለም አላሉህም» አልኩት።

ሩዙን አልበላም። ማለዳ መሪውን ይዞ ወደ ከተማው ወረደ፤ በጠመዝማዛው ላይ ጥሩምባ አልነፋም። ማዕከሉ ደረስን፣ እጁን ሰጣቸው፣ ሰኩት። ከመስኮቱ የሚታየው በእርግጥም የመኪና ማቆሚያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አገሬ እገባለሁ ብሎ አያውቅም። ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል፤ ተራውንም እየጠበቅን ነው። መኪናውን ለሃይዲ መለስን። ጀማል የሚያነበው ቁቤ ነው፣ የአማርኛ ፊደል አልተማረም፤ ለዚህ ነው ይህን ለእናንተ በአማርኛ የምጽፈው። ከመካከላችሁ በደሳ የሚያውቀን ካለ፣ እባካችሁ ለእሱ አትንገሩት።

እናቱ በየጁምዓው አትምጣ ይሉታል። ጣሪያው፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ የእህቱ ሠርግ ግርግር፣ ከዚያ የበሽታ ወሬ። እሱም እሺ ይላል። ድምፁ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ እናቱን እያጣት እንደሆነ ያምናል። ባለፈው ጁምዓ ስልኩን ለእኔ ሲመልስልኝ እናቱ አልዘጉትም ነበር። ወደ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ገፋ አደረግኩት።

«ሰአዳ» አሉኝ፣ «ምክንያት አለቀብኝ። ለሚቀጥለው አንቺ ፈልጊልኝ።»