የድምፅ አልባ ፊልሞቼ ደብተር

የያዙኝ ፒያሳ ከምሠራበት ሱቅ ነው። ሰው ፍላሽና ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ፊልም እንጭንለታለን። ሦስት ሰዎች ገቡ። ኮምፒውተሩን ነቀሉ፣ ፍላሾቹን በፌስታል ሰበሰቡ፣ ከመሳቢያው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ደብተሬን አገኙ። አንደኛው ገለጥ ገለጥ አደረገውና፣

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

የሱቁ ባለቤት፣ አያ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ፣ ወለሉን ያያሉ። እኔ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በእሷ በኩል ገብታ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን ትሠራለች። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ሴቶቹን አየሁ። አምስት ነበሩ፣ ሁለቱን ግን መቼም አልረሳቸውም። አንደኛዋ በከተማው የታወቀ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ሌላዋ ከኮሶዬ የመጣች ገበሬ ናት። ወንድምሽን አምጪ ተብላ ነው የታሰረችው። ከገባች ጀምሮ ቃል አልወጣትም አሉ፤ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች፣ በቃ።

ስለ ደብተሩ ልናገር። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የፈረንጅ ፊልም ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ አይገባኝም። አንድ ቀን ደንበኛ ረስቶት በሄደ ፍላሽ ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም አገኘሁ። ማንም አይናገርም። መሐል መሐል የሚመጣውን ጽሑፍ ማንበብ ባልችልም ማን እንደተራበ፣ ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን እንዳፈረ ሁሉም ገባኝ። ሰው ፊት ስቆም አንደበቴ ይታሰራል። እነዚያ ሰዎች ዘመዶቼ መሰሉኝ።

ቀጥዬ ሌላ አየሁ። በመጀመሪያው ፊልም አሮጊት የነበረችው ተዋናይ በዚህኛው ልጃገረድ ሆና መጣች። ከፋኝ። ሰው በተራው ነው ማርጀት ያለበት አልኩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ተነሥቼ፣ አንድም ሳልዘል፣ ፊልም መናገር እስከጀመረበት ዓመት ድረስ ሁሉንም በተራ ላያቸው ወሰንኩ። አያ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ያወጡልኛል፣ እኔ የፊልሙንና የሰዎቹን ስም ፊደል በፊደል እንደ ሥዕል እገለብጣለሁ። ዓመቱን በፈረንጅ እጽፍና ሰባት ወይም ስምንት ቀንሼ የእኛን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ፊልሙ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 7፣ በፊት ከሆነ 8፣ መቼ እንደሆነ ካላወቅኩ ደግሞ ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

መርማሪው ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ከብዙ ስሞች አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጓል።

«እነዚህ ሰዎች የት ናቸው?»

«ሞተዋል።» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ሁሉም?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማን ገደላቸው?»

«እርጅና።»

ያሾፍኩበት መሰለው። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

«ሰባት ማነው? ስምንትስ? ሁለቱም ያሉበት ምን ማለት ነው?»

የዓመት ቅነሳ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሱ ዝምታዬን ሌላ ነገር አደረገው። «ስሞቹ የግንኙነት ሰዎችሽ፣ ቁጥሮቹም ምስጢር ናቸው የሚል ወረቀት አዘጋጅቼ ነገ አመጣልሻለሁ፣ ትፈርሚና ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ክፍሉ ተመልሼ ስገባ እትዬ ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። በቁርጥራጭ ቃል ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልናገር ሳቁ።

«ወይ አንቺ ልጅ! ይሄን ብለሽ አትነግሪውም ምነው?»

«አፌ እምቢ ይለኛል።»

«እኔ ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ ደረሰኝ ላይ ያለውን ዓመት ወደ እኛ ስቀንስ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ሰባትና ስምንቱ እንዴት ይጠፋዋል?» ከዚያ፣ «ከፈረምሽ ግን ሙታኑን ሁሉ በራስሽ ላይ ታስመሰክሪያለሽ። እንዳትፈርሚ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት እስኪጠሩኝ ስንጠብቅ ብርሃኗ ግድግዳው ላይ መጣች። እትዬ፣ «እስቲ አንዱን ፊልም አሳዪን፣ እንዳትናገሪ ብቻ» አሉ። አፈርኩ። ቢሆንም ተነሥቼ ብርሃኑ ውስጥ ቆምኩ። ነፋስ ባርኔጣውን የወሰደበት ሰው ሆንኩ። ጎንበስ ስል ባርኔጣው ይሸሻል፣ ቆም ስል ይቆማል። ላታልለው ሌላ ወገን አየሁ፣ አፏጨሁ፣ ከዚያ ድንገት ዘለልኩበት። የያዝኩት የራሴን ጫማ ሆነ።

መጀመሪያ የሳቀችው የኮሶዬዋ ናት። በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሏት። ጠባቂው በሩን ደበደበ።

«ዝም በሉ!»

«ዝም ብለን እኮ ነው የምንስቀው!» አሉ እትዬ።

የኮሶዬዋ እጄን ያዘችኝ። «ሸጋ ነው» አለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነበር። «ኋላስ አገኘው?»

ልመልስላት ስል በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወረቀቱን አቀረበልኝ፣ እስክሪብቶውንም በጄ አስያዘኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩትና በባዶው ጀርባ ላይ አራተኛ ክፍል እንደተማርነው ቅነሳ ጻፍኩ። 1920፣ ከሥሩ 8፣ መስመር፣ 1912። ቀጥዬ 1920፣ ከሥሩ 7፣ መስመር፣ 1913። ከታች «ከመስከረም በፊት»፣ «ከመስከረም በኋላ» ብዬ ጨመርኩ። እስክሪብቶውን ከድኜ አጠገቡ አኖርኩ።

ብዙ አየው። በጣቱ ደብተሩ ላይ አንዱን መስመር ተከተለ፣ ሌላውንም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቀንስ ነበር። ከዚያ፣ «ሂጂ» አለኝ።

የለቀቁኝ ግን በዚያ ቀን አይደለም። ስመለስ የኮሶዬዋ ቦታ ባዶ ነበር። ወስደዋታል። ወዴት እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ ብርድ ልብሷ እንደታጠፈ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝና በሩን አሳየኝ። አነሣሁት፤ ቀለለኝ። ስገልጠው የፊተኞቹ ገጾች ተገንጥለዋል። በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐዩም ይታየኛል። አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ።

«ቀሪው ገጽስ?» አልኩ።

ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሉም።» በዚያ ሁሉ ቀን ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያንን ብቻ ነው። «ከመሐል አልጀምርም።»

«አንቺ ልጅ፣ ውጪ ስትባዪ ዝም ብሎ መውጣት አይሻልሽም?»

አልወጣሁም። ተነፈሰና መሳቢያውን ከፈተ። አራቱን ገጾች ከዶሴ ውስጥ አወጣ፤ የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍሩ ነቅሎ ሰጠኝ። ቆሜ በተራቸው አስገባኋቸው፣ ቆጠርኳቸው፣ ከዚያ ወጣሁ።

ገጾቹን በኮላ መልሼ ለጥፌያቸዋለሁ። የቀዩን እስክሪብቶ ምልክት አላጠፋሁትም። ሱቁ ተዘግቷል፤ ፊልሞቹን አሁን በስልኬ ነው የማያቸው፣ ቅዳሜ ልብስ አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ። እትዬ ከተፈቱ ወዲህ አንዳንዴ ሱቃቸው እንቀመጥና አብረን እናያለን። በደባርቅ መንገድ በሄድኩ ቁጥር ማኪናው ኮሶዬ ሲደርስ ወደ መስኮቱ እጠጋለሁ። ድንች ከሚሸጡት፣ ከገበያ ከሚመለሱት መካከል የዚያችን ሴት ፊት እፈልጋለሁ። ካየኋት ማኪናውን አስቁሜ እወርዳለሁ። አዎ፣ ባርኔጣውን አገኘው እላታለሁ፤ ጎረቤቱ የሰቀለችው ልብስ ላይ ነፋሱ አኑሮለት ነበር።

ፊልም መናገር እስከሚጀምርበት ዓመት ድረስ ሁለት ገጽ ይቀረኛል። አልቸኩልም። በተራው ይደርሳል።