አባቴ ለሰላምታ የተነሳበት እሁድ

ልጅ እያለሁ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ የነበረው ቤታችን ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም። መኪናችን ክረምት ከበጋ ደጅ ታድር ነበር፤ ጋራዡ የአባቴ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረ ከባድ የብረት ማሽን፣ ባዶ የጥይት ቀለህ የሞላባቸው የቡና ቆርቆሮዎች። የማሽን ዘይቱና የነሐሱ ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አባቴ በሥራ ቀን ሳኒቬል ሄዶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲገጣጥም ይውልና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥይት ይሠራ ነበር። እንዲህ ስል የሚደነግጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄዶ ወረቀት ላይ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ለቅሞ ያመጣል፣ አጽድቶ እንደገና ይሞላዋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሶ ይተኩሰዋል። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ያንኑ ጥይት ስንቴ ሊተኩሰው ነው?" እያለች ትስቅበት ነበር። የሌሎች ልጆች አባቶች ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የእኔ አባት ደግሞ ይህ ነበር ደስታው።

ማሽኑ አምስት ቀለህ የሚያቆም ክብ ሳህን አለው። እጀታውን አንዴ ወደ ታች ሲስቡት ለአምስቱም በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዱን ያስተካክላል፣ አንዱ ውስጥ ባሩድ ያፈስሳል፣ አንዱ ላይ የሚተኮሰውን እርሳስ ይተክላል። ከዚያ አባቴ ሳህኑን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያዞረዋል። ይስባል፣ ያዞራል። ይስባል፣ ያዞራል። በሳበ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት ሣጥን ውስጥ ጠብ ይላል። ሳያዞር ሁለቴ ከሳበ ግን ባሩዱ እዚያው ቀለህ ውስጥ ሁለቴ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ጥይት ሽጉጥ ያፈነዳል፤ በዚህ ቀልድ የለም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ በርጩማ ላይ ቆሜ ባሩድ የገባበትን ቀለህ ጎንበስ ብሎ ማየትና "አለ" ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ወይም ከግማሽ ካለፈ መናገር አለብኝ። ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ፣ ጋራዥ ስገባ "አለ፣ አለ፣ አለ" እያልኩ በአማርኛ እውል ነበር። በዚያ ሥራ የነበረኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ በተቀጠርኩበት ሁሉ አላገኘሁትም። እጀታውን መንካት ግን ክልክል ነው። ለራሱም የማይጥሰው ሕግ ነበረው፤ ማሽኑን የሸጡለት ሽማግሌ አሜሪካዊ እንዳስጠነቀቁት፣ ሥራ ከጀመረ ማንም ቢመጣ ከመቀመጫው አይነሳም። ከተነሳ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይጥላል።

ያን እሁድ የመጡት ግን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ አባቴን አዲስ አበባ ሒሳብ ያስተማሩት፣ እዚህ አገር መጥተው ደግሞ የቅርብ ጓደኛው የሆኑ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይተኩሳሉ፤ እሳቸውም የሚተኩሱት አባቴ የሠራውን ነው። ከኦክላንድ ድረስ ሳይደውሉ መጥተው እናቴ ወደ ጋራዡ አስገባቻቸው። አባቴ እጀታውን ስቦ ሳህኑን ገና አላዞረም። ብድግ አለ።

"ኖር፣ ጋሼ!"

"በእግዜር፣ ተቀመጥ። ሥራህን አታቋርጥ።"

"ኮል ቢያደርጉልኝ እኮ መጥቼ ፒክ አደርግዎት ነበር" እያለ ሊስማቸው ሄደ። አስተማሪው ቆመው ተማሪው ይቀመጥ? ያን ሕግ ያወጡት አሜሪካዊ ይህን አያውቁም።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻቸውን ሲስም እኔ እጀታውን ያዝኩ። ላግዘው ነበር። እንዴት ቀላል እንደሆነ ልየው ብዬም ነበር፤ አሁን ላይ አልዋሽም። ሳብኩት። ከዚያ ደንግጬ ለቀቅኩትና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

አባቴ እየሳቀ መጥቶ ተቀመጠ። ሳህኑ ላይ ያለውን አላወጣም፤ እሳቸውን አስቁሞ ቀለህ ሲለቅም ለመታየት አፍሮ ይመስለኛል። ሳህኑን አዞረ።

"አለ?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ባሩዱ ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ ከግማሽ አልፏል። ብናገር እጀታውን ማን ነካው ይባላል።

"አለ" አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ስልክ አንስታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አስታውሳለሁ። የጋሽ ታደሰ ሽጉጥ እጃቸው ላይ ፈንድቶ ነበር። የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት አጡ፤ ከአውራ ጣታቸውም ግማሹ ተቆረጠ። አባቴ ከሆስፒታል ሲመለስ ደም የነካውን ሸሚዝ ሳያወልቅ ኩሽና ቆሞ ለእናቴ "እኔ ነኝ። ለሰላምታ ብዬ ተነሳሁ፤ ስመለስ ሳላዞር ሁለቴ ስቤ ነው" አላት። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ። በዚያች ደቂቃ አፌን ብከፍት ኖሮ! አልከፈትኩም።

አባቴ ማሽኑን ፈትቶ ጣለው። በእሱ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ጋሽ ታደሰ እጃቸው በፋሻ እንደታሰረ ሊጠይቁት ሲመጡ ግን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። በዓል በመጣ ቁጥር እየደወሉ "አባትሽን አገናኚኝ" ይሉኛል፤ አባቴ በእጁ እያመለከተ "የለም በያቸው" ይለኛል፤ እኔም የለም እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ገና ከሩቅ ሲያያቸው በሌላ በር ይወጣል። ያ ጎደሎ እጅ ለሰላምታ ሲዘረጋለት ማየት አልቻለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት አለፈ። እኔም አድጌ፣ ተምሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ይህቺን አንዲት ነገር ሳልነግረው ባለፈው ዓመት ቀበርነው። ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ሁለት ጊዜ ልነግረው ጀምሬ ስለ ትራስ ስለ ውኃ አወራሁ።

ከአርባው በኋላ ኦክላንድ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ አፕታውን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ሻይ በግራ እጃቸው ቀዱልኝ። ከመጠጣቴ በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። "አይቼሽ ነበር" አሉኝ። "አባትሽ ሲስመኝ ፊቴ ወደ አንቺ ነበር። ማሽኑን አላውቀው፣ ልጅ ስትጫወት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ባሩዱ እንዴት ሁለቴ እንደሚፈስ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"አንቺ ሕፃን ነሽ። ይህን ተሸክመሽ እንዴት ታድጊያለሽ አልኩ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይተወዋል ብዬ ነበር።" ስኒያቸውን አስቀመጡት። "አልቻለውም፣ ልጄ። እኔም ከዚያ በኋላ ልናገር ብል፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እያወቁ አቃጠሉኝ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።"

እኔን ለማዳን ዝም አሉ፤ እኔም እሳቸው ያራቁልኝ የመሰላቸውን ነገር ተሸክሜው ኖርኩ። በመሃል ምንም ያላጠፋው ሰው ብቻውን ተቀጣ። እጃቸውን፣ ያን ጎደሎውን፣ ያዝኩት።

የእኔ ልጅ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰሞን "ማሚ፣ ላፕቶፕሽ ላይ ጁስ ስፒል አድርጌያለሁ፣ አይም ሶሪ" ብላኝ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። የዛሬ ልጆች ፈሪ አይደሉም። እኛ ቁጣን እንደ ሞት እየፈራን ነው ያደግነው። ላፕቶፑን እየጠረግኩ ቀናሁባት፤ እንባዬም መጣ። አባቴ ያኔ ቢያውቅ ይቆጣኝ ነበር። ምናልባትም ይገርፈኝ ነበር፤ ሳምንት ያኮርፈኝም ይሆናል። ጓደኛውን ግን አያጣም ነበር።