የእንሰቴ ጠበቆች

በደርግ ጊዜ፣ ዲላ ውስጥ ከጓሮዬ ጀርባ የቀበሌው የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። መግቢያው ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ እሳት ቢነሳ ወይም ሰው በድንገት ቢታመም መኪና የሚገባበት መንገድ ይውጣ ተባለ። የቀበሌው ሰዎች የመንገዱን መቀየሻ ችካል አምጥተው የተከሉት እንሰቴ መሀል ነው። ደሜ ፈላ።

ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን መቃወም ስለማይቻል ሁላችንም በየተራ እየተነሳን መንገዱን ደገፍን፤ ደግፈን ስናበቃ በጎረቤት ጓሮ እንዲያልፍ ሐሳብ አቀረብን። እኔማ እንሰቴ አብዮቱን እንደሚመግብ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተናደደ። እኛን ለማሳፈር መጦሪያውን ወክለው የመጡትን ሽማግሌ እንዲናገሩ ጋበዘ። የቀሩት አረጋውያን እግራችንን ያመናል እያሉ ሁልጊዜ የሚልኩት እሳቸውን ብቻ ነበር።

ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና፣ «ልጄ፣ ይኼ መኪና የሚመጣው ለበሽታ ብቻ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ለሁሉም ነው እንጂ አባባ» አለ ሊቀመንበሩ ደረቱን ነፍቶ። «ከእንግዲህ እግሬን አመመኝ ብሎ ከስብሰባና ከሰልፍ የሚቀር አይኖርም። ደጃችሁ ድረስ መጥቶ ይወስዳችኋል።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የዚህች ልጅ እንሰት ግን ያሳዝናል» ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ ማለዳ ችካሉን ልነቅል ጓሮ ስወጣ አንድም የለም። እግራቸውን የሚያማቸው አረጋውያን በሙሉ ከመጦሪያው ደጅ ተሰብስበው፣ ችካሉን አንድደው እሳት ይሞቃሉ።