ያቆምኳት ክኒን

ሐኪሙ ከሦስቱ የደም ግፊት ክኒኖቼ አንዷን ሲያስቆመኝ ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ደነገጠች። ጨው ቀነስኩ፤ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ወዳለው ሱቄም በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በሳምንቱ ግን ከመቀመጫዬ ስነሳ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። ከባለቤቴ ጋር ወደ ሐኪሙ ተመልሰን ስለካ ግፊቴ ከልክ በላይ ወርዷል።

«ያቺን ክኒን አሁንም ይወስዳሉ እንዴ?» አለኝ ሐኪሙ፤ ኢትዮጵያ ስለተማረ አማርኛ ይችላል።

«ወላሂ ከዚያን ቀን ወዲህ አልቀመስኳትም!» ብዬ ጮህኩበት።

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። «ጠዋት ጠዋት አድቅቄ ሻይህ ውስጥ እጨምርልህ ነበር» አለች።

መለኪያው ገና ከክንዴ አልተፈታም። «አንቺ ሴት፣ ልትገድይኝ ነው?» አልኳት።

«እንዳትሞትብኝ ብዬ እኮ ነው። ሐኪሙ ያንተን መድኃኒት ቀነሰ፤ የእኔን ፍርሃት ማን ይቀንስልኝ?»